ማዕድን አውጪው ወንዙን ቢመርዝ፦ ከሸሪዓ ቅጣቶች የትኛው ይገጥመዋል?

አንድ ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ የተዘገበ ንግግር፣ አለ። የማዕድን ኩባንያ ጠበቃ ቢያገኘው ኖሮ በወርቅ ቀለም አጽፎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ከነቢዩ ባልደረባ ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንስሳ ያደረሰው ጉዳት ካሳ እንደሌለው፣ የውሃ ጉድጓድም ካሳ እንደሌለው ይናገሩና «ማዕድንም እንዲሁ» ይላሉ። የዐረብኛው ቃል «ጁባር» ነው። ጠያቂ የሌለው፣ ከንቱ የቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ በዚሁ አለቀ? አላለቀም። የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት ሐዲሱን የተረዱት እንዲህ ነው። አንድ ሰው በራሱ መሬት ወይም ባለቤት በሌለው ጠፍ መሬት ላይ በሕጋዊ መንገድ ቆፈረ። ሌላው ሳያስተውል ገባበት። ወይም ተቀጥሮ ሲቆፍር የነበረው ሠራተኛ ላይ፣ ያለ ቀጣሪው ጥፋት ተናደበት። ባለ ጉድጓዱ የደም ካሳ የማይከፍለው በዚህ ጊዜ ነው። ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ወይም በሰው መሬት ላይ ከቆፈረ ግን ይጠየቃል። ሳይናይድ የተባለ መርዝ ያለበትን የማዕድን ዝቃጭ ወደ ወንዝ መልቀቅማ ከዚህ ሐዲስ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። አደጋ ሌላ ነው፣ ድፍረት ሌላ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በማዕድንና በአካባቢ ጥፋት ላይ የሸሪዓን አቋም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ላይ ይወድቃል። አንዱ «ሸሪዓ ስለ ወንዝና ደን ምን አገባው» ይላል። ሌላው «በምድር ላይ ጥፋት ያደረሰ ነው፣ ይገደል» ብሎ ይደመድማል። በመሃል ያለው ሰፊ ሜዳ ይረሳል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ፣ ለመስጊድ ኮሚቴ ምክር የምታዘጋጁ ወይም ሕግ ስታረቁ «ከእኛ ወግ ምን እንውሰድ» የምትሉ ከሆነ፣ ይህ ንጽጽር ለእናንተ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

አማራጮቹ በጥቅሉ አምስት ናቸው። ሁዱድ፣ ማለትም በጽሑፍ የተወሰነ ቅጣት። ቂሳስና ዲያ፣ ማለትም ነፍስ በነፍስ ወይም የደም ካሳ። ዳማን፣ ማለትም ያጠፉትን መተካት። ተዕዚር፣ ማለትም ለዳኛው ወይም ለመንግሥት ውሳኔ የተተወ ቅጣት። አምስተኛው ደግሞ ፈቃድ መንጠቅና ቁጥጥር ነው። ሁሉም እኩል አይመዝኑም። እኔ የማዘነብለው ወደ ሦስተኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እናገራለሁ።

ሁዱድ፦ ብዙ የሚጠራ፣ ጥቂት የሚሠራ

መጀመሪያ ሌብነትን እንይ። ያለ ፈቃድ ማዕድን የሚያወጣ ሰው የሕዝብ ሀብት ሰርቋል፣ ታዲያ እጁ ይቆረጣል? አይቆረጥም። የስርቆት ሀድ (ከሁዱድ አንዱ ሲነጠል ሀድ ይባላል) ጥብቅ መስፈርቶች አሉት። ንብረቱ በጥበቃ ሥር፣ ማለትም በተቆለፈ ወይም በሚጠበቅ ቦታ መሆን አለበት። መሬት ውስጥ ያለ ማዕድን ይህን አያሟላም። በዚያ ላይ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ከሕዝብ ሀብት የወሰደ ሰው እሱም ድርሻ ስላለው ጥርጣሬ ይፈጠራል። ጥርጣሬ ባለበት ሀድ ይወድቃል። ይህ በአራቱ የሱኒ መዝሃቦች፣ ማለትም የፊቅህ ትምህርት ቤቶች፣ ዘንድ የታወቀ መርህ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ሂራባ፣ ማለትም በመሣሪያ መዝረፍና ማሸበር፣ ነው። መሠረቱ የቁርኣን 5:33 አንቀጽ ነው። አላህንና መልክተኛውን የሚዋጉ፣ በምድር ላይ ለማጥፋት የሚሯሯጡ ሰዎች ቅጣታቸው አራት ነው ይላል፤ መገደል፣ መሰቀል፣ እጅና እግርን አፈራርቆ መቁረጥ ወይም ከምድሪቱ መባረር። የጥንቶቹ ሊቃውንት ይህን ያነበቡት በዋናነት መሣሪያ ይዞ መንገደኛን በሚዘርፍና በሚያሸብር ላይ ነው። የዘመናችን ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ «ፈሳድ» (ጥፋት) የሚለውን የአንቀጹን ቃል ይዘው ወደ አካባቢ ብክለት ዘርግተውታል። በሕግ ደረጃ ሩቅ የሄደችው ኢራን ናት። በ2013 የወጣው የእስልምና የወንጀል ሕጓ በአንቀጽ 286፣ መርዛማና አደገኛ ነገሮችን በሰፊው ማሰራጨት ከባድ ጉዳት ካስከተለ «በምድር ላይ ጥፋት» ብሎ በሞት ይቀጣል።

እኔ ይህን መንገድ አልመክርም። ምክንያቴ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ማስረጃው ይከብዳል፣ ጥርጣሬውም ይበዛል። ብክለት ደግሞ በባህርይው ጥርጣሬ የሞላበት ነገር ነው። ከየትኛው ጉድጓድ መጣ? በየትኛው ዓመት? የኩባንያው ጠበቃ ይህን ብቻ ጠይቆ ደንበኛውን ነፃ ያወጣል። በዚያ ላይ ቀጣዩ አንቀጽ፣ 5:34፣ ከመያዛቸው በፊት ለተጸጸቱ በር ይከፍታል።

አንድ ቦታ ግን ሂራባ በትክክል ይገባል። የታጠቀ ቡድን ማዕድን ማውጫን በኃይል ይዞ፣ ነዋሪውን አስፈራርቶ የሚያስቆፍር ከሆነ ይህ አዲስ ትርጉም አያስፈልገውም። የጥንቱ ሂራባ ራሱ ነው።

ቂሳስና ዲያ፦ ሰው ሲሞት

ሰው ካልሞተ ወይም አካሉ ካልጎደለ ይህ ክፍል አይነሳም። ሰው ሲሞትስ?

ቂሳስ ሆን ብሎ መግደልን ይጠይቃል። ዝቃጭ የሚለቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ወጪ መቀነስ እንጂ መግደል አይደለም። መርዝን በተመለከተ ደግሞ መዝሃቦቹ ራሳቸው አይስማሙም። በሐነፊዎች (የአቡ ሐኒፋ መዝሃብ ተከታዮች) ዘንድ መርዝ ያለበትን ምግብ ለሰው ያቀረበ፣ ያም ሰው በገዛ እጁ በልቶ ቢሞት፣ ቂሳስ የለበትም፤ በተዕዚር ይቀጣል። የሌላው መዝሃብ ሰዎች፣ ማሊኪዎች፣ ቂሳስ አለበት ይላሉ። ከወንዝ ውሃ ቀድቶ የጠጣ ሰውስ? ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል።

ዲያ የተሻለ ይገጥማል። ሐነፊዎች «በሰበብ መግደል» የሚሉት ክፍል አላቸው። ምሳሌያቸውም፣ ልብ በሉ፣ በማይፈቀድለት ቦታ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነው። ገዳይ በእጁ አልገደለም፣ ግን ሰበቡን አበጅቷል፤ ስለዚህ ካሳ ይከፈላል። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በብራዚል ብሩማዲንሆ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው ሞቷል። ቦታው ሸሪዓ የሚሠራበት አገር አይደለም። ግን ለዚህ ክፍል ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በቸልታ የተተወ ግድብ በሰው መንገድ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

ካሳውን ማን ይከፍላል የሚለውም አስደሳች ታሪክ አለው። በስህተት ለተገደለ ሰው ዲያውን የሚከፍለው «ዓቂላ» ነው፤ በመጀመሪያ ጎሳው ማለት ነበር። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ወታደሮችን በመዝገብ ሲያደራጁ ሸክሙ በአንድ መዝገብ ወዳሉት እንደተሸጋገረ ሐነፊዎች ይጠቅሳሉ። ይህን ይዞ የማዕድን አውጪዎች ማኅበር የጋራ የካሳ ፈንድ ያቋቁም ቢባል ከወጉ የራቀ አይሆንም።

ዳማን፦ ያጠፋኸውን መልስ

ወደ ልቤ መጣሁ። በቁርኣን 21:78 ላይ የዳውድና የሱለይማን ፍርድ ተጠቅሷል። የአንድ ሰው በጎች በሌሊት የሌላውን ማሳ ገብተው አወደሙት። የተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ትርጓሜ፣ ሊቃውንት ዝርዝሩን እንዲህ ያወሩታል። ዳውድ በጎቹ ለማሳው ባለቤት ይሰጡ ብለው ፈረዱ። ሱለይማን ግን ሌላ ሐሳብ አመጡ። ባለ ማሳው በጎቹን ይውሰድ፣ በወተታቸውና በጸጉራቸው ይጠቀም። ባለ በጎቹ ደግሞ ማሳውን ወስዶ እንደ ድሮው እስኪሆን ያልማው። ማሳው ሲመለስ በጎቹም ይመለሱ።

ዛሬ የማዕድን ሕጎች «መሬቱን መልሶ ማልማት» የሚሉት ይኸው አይደል? ያጠፋው ራሱ ያለማል። የተጎዳው እስከዚያው ሳይራብ ይቆያል። አጥፊውም ከሥራው ጨርሶ አይነቀልም።

ዳማን ትልቅ ጥቅም አለው፤ የወንጀል ሐሳብን ማስረዳት ሁልጊዜ አይጠይቅም። በኦቶማን ዘመን ከ1869 ጀምሮ የተዘጋጀው «መጀለ» የተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በአጭር አንቀጾች አስቀምጦታል። አንቀጽ 92፦ ድርጊቱን በቀጥታ የፈጸመ፣ ሆን ብሎ ባይሆንም ይተካል። አንቀጽ 93፦ ሰበብ ብቻ የሆነ ግን ሆን ብሎ ካልሆነ አይጠየቅም። አንቀጽ 19 ደግሞ «መጉዳትም ሆነ በጉዳት መመለስ የለም» የሚለውን ሐዲስ ደንብ አድርጎ ይይዛል። አንቀጽ 26 የብዙኃኑን ጉዳት ለመከላከል የግለሰቡ ጉዳት ይቻላል ይላል። ዳኛ ኩባንያን ሥራ ሲያስቆም የሚመረኮዘው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ጣጣው። አንቀጽ 89 ድርጊት የሚቆጠረው በፈጻሚው ላይ ነው፣ ካላስገደደ በቀር በአዛዡ ላይ አይደለም ይላል። ይህን እንደ ወረደ ከወሰድነው ቧንቧውን የከፈተው የቀን ሠራተኛ ይከፍላል፣ ያዘዘው ሥራ አስኪያጅ ቤቱ ይተኛል። ደንቡ የተጻፈው ኩባንያ ባልነበረበት ዓለም ነው። ስለዚህ ዳማንን የምትመርጡ ከሆነ የድርጅትን ኃላፊነት በግልጽ መጻፍ የግድ ነው። እዚያው መጀለ ውስጥ «ጥቅሙን የሚወስድ ጉዳቱንም ይሸከማል» የሚል ደንብ አለ፣ በአንቀጽ 87። ድልድዩን በእሱ ላይ ሥሩ።

ሁለተኛው ጣጣ ባለቤት ነው። ዳማን ከሳሽ ይፈልጋል፤ ከሳሹም ንብረቱ የእኔ ነው ማለት አለበት። ወንዙ የማን ነው? ሙስሊሞች በሦስት ነገር ሸሪኮች ናቸው፣ በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት፣ የሚል ሐዲስ የሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። የሁሉም የሆነ ነገር በፍርድ ቤት የማንም እንዳይሆን ያሰጋል። መንግሥት በሕዝቡ ስም ካልከሰሰ ዳማን ወረቀት ላይ ይቀራል።

ዋጋውስ እንዴት ይተመናል? ኢንዶኔዥያ ውስጥ በባንካ ቤሊቱንግ ደሴቶች የቆርቆሮ ማዕድን ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ በባለሙያ ስሌት የአካባቢውን ጉዳት 271 ትሪሊዮን ሩፒያ አድርሶታል። ቁጥሩ አከራክሯል። ግን ጉዳት ሊቆጠር እንደሚችል አሳይቷል፤ ትልቅ ነገር ነው።

ተዕዚር፦ አብዛኛው ሰው የሚቆምበት

በአካባቢ ወንጀል ላይ የሚጽፉ የዘመኑ የፊቅህ ሰዎች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ተዕዚር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጽሑፍ የተወሰነ ቅጣት የለም፣ ጥፋት ግን አለ። ተዕዚር ከተግሣጽ ይጀምራል፤ በአደባባይ ስም መጥራት፣ እስር፣ ግርፋት፣ ንብረት መውረስ ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጠብ አለ፦ በገንዘብ መቅጣት ይቻላል? አቡ ሐኒፋና ተማሪያቸው ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ አይቻልም አሉ። ሌላው ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ይቻላል አሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ኢብን ተይሚያና ኢብኑል ቀይም በጽኑ ተከራክረው ፈቀዱት፤ ዑመር ውሃ የተቀላቀለበትን ወተት መድፋታቸውን የመሳሰሉ ዘገባዎችንም ጠቀሱ። የከልካዮቹ ስጋት ቂልነት አልነበረም። ገዥዎች በቅጣት ስም የሰው ገንዘብ ይበላሉ ብለው ነው። ዛሬም ቅጣቱ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ የማይታወቅበት ቦታ ሁሉ ስጋቱ ትኩስ ነው። እኔ ከአቡ ዩሱፍ ጋር ነኝ፤ ግን ገንዘቡ ለተጎዳው መሬት ማልሚያ እንዲውል በሕግ ከታሰረ ብቻ።

ኢንዶኔዥያ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። በ2009 የወጣው የማዕድን ሕግ ያለ ፈቃድ የሚቆፍርን እስከ 10 ዓመት እስርና እስከ 10 ቢሊዮን ሩፒያ ይቀጣ ነበር። በ2020 ሲሻሻል እስሩ ወደ 5 ዓመት ወረደ፣ ገንዘቡ ወደ 100 ቢሊዮን ወጣ። ይህ የምርጫ ለውጥ ነው፤ ከአካል ወደ ኪስ። የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ደግሞ፣ እሱም የ2009 ነው፣ ሆን ብሎ ከመጠን በላይ የበከለን ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ በቸልታ የበከለን ከ1 እስከ 3 ዓመት ያስራል። ዝቅተኛውን ወለል ማስቀመጡን ወድጄዋለሁ። የተዕዚር ደካማ ጎኑ ልቅነቱ ነውና። በዚያው በቆርቆሮ ጉዳይ አንድ ተከሳሽ በ2024 በሙስና 6 ዓመት ከመንፈቅ ተፈርዶበት፣ በይግባኝ በ2025 ወደ 20 ዓመት ከፍ ብሏል። አንድ ሰው፣ አንድ ፋይል። «ዳኛው ይወስን» ስንል ይህንንም ማለታችን ነው።

ፈቃድ መንጠቅና ቁጥጥር፦ ከቅጣት በፊት

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅጣት አይቆጥረውም። ለኩባንያ ግን ከእስር በላይ ያመዋል።

መነሻው የጨው ታሪክ ነው። አብየድ ኢብን ሐማል የተባለ ሰው በየመን መዕሪብ ያለው ጨው እንዲሰጠው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀ፤ ሰጡት። ሰውየው ሲሄድ አንድ ሰው «የሰጡት እኮ እንደማይደርቅ ውሃ ያለ ነው» አላቸው። መልሰው ወሰዱበት። ሙሉ የፈቃድ ስረዛ፣ ያለ ጥፋት እንኳ፣ የሕዝብ ጥቅም ስለሆነ ብቻ። ዑመርም እንዲሁ፣ ቢላል ኢብኑል ሓሪስ የተሰጠውን ሰፊ መሬት ማልማት ሲያቅተው፣ የምትችለውን ያዝና ሌላውን መልስ ብለውታል። የፈቃድ ሰነድ ዘላለማዊ አይደለም ማለት ነው።

ሌላ አቡ ዳውድ የዘገቡት ታሪክ አለ። ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ በአንድ አንሷር (የመዲና ነዋሪ ሙስሊም) ግቢ ውስጥ የተምር ዛፍ ነበረው፤ እየገባ ቤተሰቡን ያስቸግራል። ነቢዩ ሽጥ አሉት፣ እምቢ። በሌላ ለውጥ አሉት፣ እምቢ። ስጥ አሉት፣ እምቢ። «አንተ ጎጂ ነህ» አሉትና ለባለ ግቢው ሂድ ንቀለው አሉ። አካሄዱን አስተውሉ። ሦስት ዕድል ተሰጠ፣ ከዚያ ተነቀለ።

ቁጥጥሩን ድሮ ይሠራ የነበረው ሙህተሲብ ነው፤ ገበያውን፣ መንገዱንና ውሃውን የሚያይ ሹም። ዛሬ የአካባቢ ተቆጣጣሪ የምንለው ቅርብ ዘመዱ ነው። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤትም በ2011 ባወጣው 22 ቁጥር ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብያኔ) ማዕድን ማውጣት የተፈቀደ መሆኑን፣ ጥፋት የሚያደርስ ከሆነ ግን ሐራም መሆኑን ጽፏል። ፈትዋ ሰው አያስርም። ፈቃድ ሰጪውን ግን ያሳፍራል።

እንግዲህ የትኛውን?

ፈቃድ ያለው ኩባንያ እያወቀ ወንዝ ከበከለ፦ ዳማን መጀመሪያ፣ ተዕዚር በላዩ፣ ካልታረመ ስረዛ። ቅደም ተከተሉ ይከበር። መቀጮው ቀድሞ ከተወሰደ ኩባንያው ከስሬያለሁ ይልና ወንዙ እንደቆሸሸ ይቀራል።

ጉቦ በልቶ ፈቃድ የሰጠ ባለሥልጣን፦ ተዕዚር፣ ያውም ጠንካራው። ሰበብ የሆነው ሆን ብሎ ነውና በዳማንም ቢጠየቅ የመጀለ አንቀጽ 93 አይከላከልለትም።

ከባዱ ድሃው ነው። ወርቁን በሜርኩሪ የሚያጥበው፣ ራሱም የሚመረዘው ሰው። እዚህ ላይ ሁሌም የማስበው ናይጄሪያ ውስጥ ያለችውን ዛምፋራን ነው። በ1999 የሸሪዓ የወንጀል ሕግን እንደምታስገባ በማወጅ ከአገሪቱ ክልሎች ቀዳሚ ነበረች። በ2010 ያቺው ዛምፋራ በዓለም ከታዩት አስከፊ የእርሳስ (የከባዱ ብረት) መመረዞች አንዱ ደረሰባት። ቤተሰቦች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በግቢያቸው ይፈጩ ነበር። ድንጋዩ እርሳስ ነበረበት። ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ።

ማን ይቀጣ? አባትዬው? አብዛኞቹ መዝሃቦች አባት በልጁ ደም ቂሳስ አይፈጸምበትም ይላሉ፤ እሱም ቢሆን አላወቀም። ሂራባ? በምን መሣሪያ፣ በወፍጮ? ከአምስቱ አማራጮች ለዚያ መንደር የሚጠቅመው የዳማን መንፈስና የሙህተሲብ ዓይን ነው። የሆነውም እሱ ነው። ሐኪሞቹ ግቢው ሳይጸዳ ልጅን ማከም ከንቱ ነው አሉ፤ ታክሞ ወደዚያው አፈር ይመለሳላ። የተበከለው አፈር ተጠርጎ ወጣ፣ ከዚያ ሕክምናው ቀጠለ። ባገጋ የተባለችው ትልቋ መንደር ተራዋ የደረሳት በ2013 ነው፤ ሦስት ዓመት ጠብቃ።

የመጨረሻ ማስታወሻ ለጽሑፍ አዘጋጆች። «በሰዎች እጅ ሥራ ምክንያት በየብስና በባሕር ጥፋት ተገለጠ» የሚለውን 30:41 አንቀጽ በቅጣት ክፍል ውስጥ አትደርድሩት። ሁሉም ይደረድረዋል። አንቀጹ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዳኛ የሚፈርድበት የቅጣት መጠን የለውም። ቦታው መግቢያችሁ ላይ ነው። ለቅጣቱ ክፍል ሱለይማንን ጥሩ፣ ጨውንም አትርሱ።